የበኩር ልጅ የሚወለድበት ቤት

ሜልበርን፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1987

ለተከበርሽው የወንድሜ ሚስት ለታፊዳ፤

የጌታችን ሰላም፣ የእመቤታችን ጥበቃ፣ የቤታችን ባለቤት የሰማዕቱ የማሪ ሲድራክ ረድኤት ካንቺ ጋር ይሁን። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? እኔ፣ ባለቤቴ ኢቮንና ልጃችን ናርዲን በጸሎትሽ ደህና ነን። ናርዲን ካገባች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ባሏ የኛው የግብፅ ክርስቲያን ነው፣ ጨዋ ልጅ፤ ቤታቸው ብቻ ከኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ይርቃል።

ወንድሜ ፋሂም ካረፈ ይኸው ስድስት ዓመት። ያንን የሚያህል ቤት ብቻሽን ይዘሽ መቆየትሽን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን የሐዘን ነገር አይደለም። ሰበካችን አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ነው። በማን ስም ይሁን ተብሎ ሲመከር ተነሥቼ «በማሪ ሲድራክ» አልኩ። «ማነው ደግሞ እሱ?» አሉኝ። በስንክሳራችን ሦስት መስመር ብቻ እንዳለው ታውቂያለሽ፤ እኔ ግን አንድ ሰዓት ተናገርኩ። በመጨረሻም «እኔ ራሴ እሱ በተወለደበት ክፍል ነው የተወለድኩት፤ የዘገየሁት አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት ብቻ ነው» ብዬ ሳስቃቸው ጉባኤው በአንድ ድምፅ ተቀበለኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ትራም ላይ ትኬት ስቆርጥ ስሜን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን እሑድ እሑድ እጄን የሚስሙኝ አሉ።

ጉዳዩ እንግዲህ ይህ ነው። በኅዳር የሀገረ ስብከቱ ኮሚቴ ወደ እናንተ ይመጣል። ቅዱሱ የተወለደው በኛ በቡቅጡር ቤት ነው ወይስ የፋኑሲያ መንደር ሰዎች እንደሚያወሩት ከውኃው ማዶ፣ በእናቱ ወገኖች ቤት የሚለውን አጣርቶ በመዝገብ ሊያሰፍር ነው። በቤቱ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ። አንቺ «እዚህ ነው» ካልሽ ነገሩ አለቀ። ቤቱ ይታደሳል፣ ተሳላሚ ይመጣል፣ ላንቺም ከግቢው አንድ ክፍል ይለቀቅልሻል።

ለቤተ ክርስቲያናችን መሠረት የሚሆን ድንጋይም ቅዱሱ ከተወለደበት ከምሥራቁ ክፍል ግድግዳ አውልቀሽ በአክስቴ ልጅ በሩሽዲ በኩል ላኪልኝ። ደግሞ አደራ፣ ሴቶቹ በልደቱ ዋዜማ የሙጋቱን ድስት ተሸክመው ወደ ፋኑሲያ መሻገራቸውን ዘንድሮ ይተዉት። ኮሚቴው ቢሰማ ምን ይላል? የአራስ መጠጥ ከኛ ቤት ወጥቶ ማዶ የሚሄደው ለምንድነው ቢሉ ምን እንመልሳለን?

የጉልበት ቅባት ልኬልሻለሁ። ጠዋትና ማታ ተቀቢው።

ወንድምሽ ላቢብ ቡቅጡር



ኮም ሩማን፣ መጋቢት 2 ቀን 1703 ዓመተ ሰማዕታት

ለባሌ ወንድም ለላቢብ፤

ሰማዕታት በደማቸው የገዙት ሰላም አንተን፣ ኢቮንንና ናርዲንን ይጠብቃችሁ። የዘራችሁት ይብቀል፣ የወለዳችሁት ይደግ። እኔ ደህና ነኝ። ቅባቱ ደርሶኛል፤ ሽታው ግን ጎረቤቴን ሴንዩራን እንኳ አስነጥሷታል። «ይሄ የሰው ነው የበሬ?» አለችኝ። «የውጭ አገር ነው» ብላት «እንግዲያው የበሬ ነው» ብላ ተወችኝ።

ድንጋይ ላኪ ላልከው፣ ወንድሜ፣ የምሥራቁ ክፍል ግድግዳ የጭቃ ጡብ መሆኑን ረሳኸው? አባትህ አንዴ አፍርሶ ሠራው፣ ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ፋሂም ሠራው፤ ጭቃውን ያቦካሁት እኔ ነኝ። ድንጋይ የሚባል ነገር በዚህ ቤት የለም። ለመሠረት ከፈለግህ እዚያው ካለህበት ልቀም፤ ድንጋይ እንደ ድንጋይ ነው።

የሙጋቱን ድስት አስቁሚ ላልከው ደግሞ፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የማስቆመው? አያትህ ተሸክማዋለች፣ እናትህም ተሸክማዋለች። ሴቶቹን «ለምን ታሻግራላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ወንድ እስከ ዛሬ አልነበረም። አንተ የመጀመሪያው ነህ፤ የጠየቅኸውም ከሜልበርን ሆነህ ነው።

ስለ ምስክርነቱ አስቤበታለሁ። እኔ የፋኑሲያ ልጅ መሆኔን ታውቃለህ። አባቴ የዜማ መምህር ነበር፤ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ፊደሉን እኔን አስቆጠረኝ። እናቴ ባሂያም የሁለቱ መንደር አዋላጅ ነበረች፤ አንተን ራስህን እትብትህን የቆረጠችው እሷ ናት። ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ካንተ በቀር የምጠይቀው ሰው አልቀረኝም። እኔ በምጥ ተይዤ ሳለሁ እናቴን ከውኃው ዳር የመለስካት ቀን፣ እንዲያ እንድትላት ያዘዘህ አባትህ ነው ወይስ ከራስህ ነው? ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አባታችን ነው» ስትል ሰማሁ። ፊት ለፊት ግን አንድ ቀን አልነገርከኝም። አሁን ጻፍልኝ። ከዚያ ስለ ምስክርነቱ እንነጋገራለን።

ታፊዳ



ሜልበርን፣ ጁን 21 ቀን 1987

ለተከበርሽው የወንድሜ ሚስት፤

የጌታ ጸጋ አይለይሽ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። እዚህ ጊዜ ማለት ወርቅ ነው፤ ስብሰባ በስብሰባ ላይ ነው የከረምኩት። ዓመቱንም እባክሽ እንደ ሰው ጻፊ፤ 1703 እያልሽ ስትልኪ ፖስተኛው ከመቃብር የመጣ ደብዳቤ ይመስለዋል። መነጽር ልኬልሻለሁ፤ በሩሽዲ እጅ ይደርስሻል።

ጡብም ቢሆን ላኪው። የጭቃ ጡብ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያምራል፤ ትሕትና ያሳያል።

ያን የድሮ ነገር ማንሳትሽ ግን አሳዝኖኛል። እኔ ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በአባቴ ቤት አባቴ ያለው ነው የሚሆነው። አባታችን ቡቅጡር ዛሬ በእግዚአብሔር ፊት ነው፤ ሙት ወቃሽ አያድርገን። አንቺም ይቅር በይው። ወንድሜ ፋሂም ይቅር ሳይለው በመሞቱ እኔ ዛሬም ድረስ እያለቀስኩ እጸልያለሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ፋኑሲያዎች የያዙት ያንኑ አሮጌ ክርክራቸውን ነው። «ስንክሳሩ ‹ለእናቱ በኩር ነበረ፣ እናቱም የፋኑሲያ ሴት ነበረች› ይላል። በኩር ደግሞ የሚወለደው በእናቱ እናት ቤት ነው» ይላሉ። ይሄ የአሮጊቶች ወሬ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፍልሽን በቃልሽ ያዢው፤ «እኔ የቡቅጡር ቤት ምራት ታፊዳ፣ ከአማቴና ከአማቴ እናት እንደ ሰማሁት፣ ማሪ ሲድራክ በዚህ ቤት፣ በምሥራቁ ክፍል ተወልዷል።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አትጨምሪ። ስለ ጡቡም ስለ ድስቱም አታንሺ።

እንደው ለማስታወስ ያህል፣ ፋሂም ካረፈ ወዲህ ቤቱ በእኔ ስም ነው። አንቺን ያን ያህል ዓመት «ውጪ» ያላልኩሽ ስለ ወንድሜ ብዬ ነው። ይህን የምለው ልጎዳሽ አይደለም።

ወንድምሽ ላቢብ



ኮም ሩማን፣ ነሐሴ 22 ቀን 1703 ዓመተ ሰማዕታት

ለላቢብ፤

ሰላም ላንተና ለቤተሰብህ ይሁን። የልደቱ በዓል ከትናንት ወዲያ በሰላም አለፈ። መነጽሩ ጥሩ ነው፤ ነገርን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል።

ድስቱ ዘንድሮም ተሻግሯል። ሙጋቱን በኛ ግቢ አፈላነው፤ ቅቤና ሰሊጥ የገባበት፣ ማንኪያ የሚያቆም። ከዚያ በሴንዩራ ራስ ላይ አስቀምጠን ወጣን። ግድቡ ከተሠራ ወዲህ ጎርፍ የለም፣ ጀልባም የለም፤ ድልድይ አለ። ከማዶ የፋኑሲያ ሴቶች ቆመው ይጠብቁናል።

«የአራሷ ድስት መጣ! መንገድ ልቀቁ!» ትላለች አንዷ።

«እናንተ ኮም ሩማኖች፣ ሙጋቱን የምታፈሉት እናንተ፣ አራሷ ያለችው እኛ ጋ! እንዴት ነው ነገሩ?» ትላለች ሌላዋ።

ሴንዩራ ድስቱን እንደ ተሸከመች፣ «እናቷ ቤት ካልሆነች የት ልትሆን ኖሯል? የአማቷን ፊት እያየች ታምጥ?» ስትል ድልድዩ በሳቅ ተናጋ። ወንዶቹ በሩቁ ቆመው ሲጋራቸውን ያጨሳሉ፤ የሰሙትን እንዳልሰሙ ሆነው። የአባት ወገን ድስት ይዞ አራሷን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ይኸው ነው ነገሩ። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ በየዓመቱ በፊታችሁ እየተሻገርን እናንተ ግን አንድ ቀን ትርጉሙን አልጠየቃችሁም።

ያስጠናኸኝን ቃል አነበብኩት። ከእናትህ ሰማሁ በይ ትላለህ። ከእናትህ የሰማሁትን እነግርሃለሁ። ፋሂምን የወለደችው በዚህ ቤት አይደለም። በኩሯ ስለነበረ በስምንተኛ ወሯ አህያ ላይ ወጥታ ወደ እናቷ መንደር ሄዳ እዚያ ወለደችው። አንተ ሁለተኛ ነህ፤ ስለዚህ በምሥራቁ ክፍል ተወለድህ። እጅህን የሚስሙልህ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ሌላውን አንተ አልጽፍም ስላልክ እኔ እጽፈዋለሁ። የመውለጃ ወሬ ሲገባ እናቴ ልትወስደኝ መጣች። አባትህ በሩ ላይ ቆሞ «ከዚህ ቤት ምራት ማዶ ሄዳ አትወልድም» አላት። «ለምን ጌታዬ? በኩሯ ነው እኮ» ብትለው «ለዚሁ ነው። ዛሬ ታፊዳ ከሄደች ነገ የናንተ ሰዎች ‹የሲድራክም እናት እንዲሁ መጥታ ነው የወለደችው› ይሉናል» አላት። ያስቀሩኝ ሙግት እንዳይረቱ ብለው ነው። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፋሂም ወታደር ቤት ነበር።

በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ምጥ ያዘኝ። መንደሩ በጎርፍ ተከቦ ደሴት ሆኗል። አንድ ቀን ሙሉ አማጥኩ፤ የልጁ እግር ቀደመ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሰው ነግሯት እናቴ በጀልባ መጣች። አንተ ዳር ላይ ቆመህ «ተገላግላለች፤ ወንድ ነው፤ ተመለሺ» አልካት። እናቴም ጀልባው ላይ እንደ ቆመች እልል አለች። እልልታውን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰማሁት ላቢብ። «እናቴ ደረሰች» ብዬ ተጽናናሁ። ከዚያ እልልታው እየራቀ ሄደ። ልጁ ሲመሽ ወጣ፤ አልጮኸም። ማኅፀኔም ከዚያ ወዲያ ለሌላ አልተከፈተም።

እናቴ እስክትሞት ድረስ በሌላ ሰው ልደት ላይ እልል ብላ አታውቅም። ፋሂም ሲመለስ አንተ «አባታችን አዘዘኝ» አልከው። አባትህ ራሱን ደፍቶ ዝም አለ። ፋሂምም ሃያ ዓመት በአንድ ገበታ እየበላ አባቱን አላናገረውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አሁንም የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ማን ነው ያዘዘህ?

ታፊዳ



ሜልበርን፣ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1987

ለተከበርሽው የወንድሜ ሚስት፤

የሰማዕቱ በዓል እንኳን አደረሰሽ። ከመጋቢት ወዲህ ከአንቺ ቃል አላገኘሁም፤ ተቀይመሽ እንዳይሆን ሰጋሁ። መቼም እኔና አንቺ ቂም አንያያዝም።

ደስታችንን ልንገርሽ። ናርዲን ነፍሰ ጡር ናት፤ ስምንተኛ ወሯ ገብቷል። ከባሏ ቤት አምጥተናታል! ባሏ ሆስፒታሉ ለኛ ይቀርባል ምናምን ብሎ ትንሽ አንገራግሮ ነበር። እኔ ግን «ስማ ልጄ፣ በኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። በኛ ዘንድ ከአዳም ጀምሮ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥን ሴት ከእናቷ የሚለይ ክርስቲያን አላየሁም» አልኩት። የልጅነት ክፍሏን ቀለም ቀባሁላት። ኢቮን የሙጋቱን ሥር ከሲድኒ አስመጥታ ቆልታ ፈጭታለች። ቤቱ ሁሉ የአገር ቤት ሸተተኝ። አገራችንን ለቀን ወግ አለመልቀቃችን እግዚአብሔር ይመስገን። ማታ ማታ ናርዲን እግሯን እናቷ ጭን ላይ ጥላ ሳያት፣ ይህን ሳያሳየኝ ያልገደለኝን አምላክ አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉዳያችን። ኮሚቴው ኅዳር 5 ቀን ይደርሳል፤ የሚመራው አባ ቢሞን ነው። ሰበካው ሁሉ ዓይኑን እኔ ላይ ጥሏል። ያስጠናሁሽን ቃል በትክክል ብትናገሪ ዕድሜሽን ሙሉ ቤትሽ ነው። ሌላ ነገር ብትናገሪ ግን ሩሽዲ ቤቱን እንዲረከብ ውክልና ሰጥቼዋለሁ። እንዲህ ብዬ መጻፌ ለራሴም ከበደኝ፤ ምን ላድርግ፣ ሰው ፊት ቆሜአለሁ።

ጸሎትሽ ለናርዲን አይለያት።

ወንድምሽ ላቢብ



ሜልበርን፣ ኦክቶበር 2 ቀን 1987

ታፊዳ፤

የነሐሴው ደብዳቤሽ በሴፕቴምበር መጨረሻ ደረሰኝ። እኔ የላክሁልሽ ከሱ በፊት የተጻፈ መሆኑን እግዚአብሔር ያውቃል። ያንቺን ካነበብኩ በኋላ የራሴን አስታወስኩና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

የጠየቅሽኝን እነግርሻለሁ። አባቴ አላዘዘኝም። ያን ቀን ቀትር ላይ ጩኸትሽን ሰምቶ «ሙግቱ ገደል ይግባ፤ ሂድ ባሂያን አምጣት፣ ካስፈለገም ዋኝተህ» ብሎ ነው የላከኝ። ዳር ስደርስ እናትሽ እየመጣች ነበር። የጀልባው ቀዛፊዎች የፋኑሲያ ጎረምሶች ነበሩ። ገና ከሩቅ «ኮም ሩማን ተረታ! በኩር ያለ ባሂያ አይወለድም!» ብለው ይዘፍኑብኝ ጀመር። በበዓሉ ዕለትም በዱላ ጨዋታ ጥለውኝ ስቀውብኝ ነበር። ደሜ ፈላና ያንን ቃል ተናገርኩ። እስከ ማታ እንደምትገላገይ አልተጠራጠርኩም። የላም ጥጃ እንኳ ይወለዳል ብዬ ነው ያሰብኩት።

አባቴ በኋላ ሲጠይቀኝ እውነቱን ነገርኩት። «ፋሂም አንተ መሆንህን ካወቀ ይገድልሃል። እኔን ቢጠላ ግን ዝም ብሎ ይጠላኛል። አንድ ሕፃን ቀብሬአለሁ፣ ልጆቼን ደግሞ አልቀብርም» አለኝ። እንደዚያ ነው የሆነው።

እንግዲህ የፈለግሽውን ሰጠሁሽ። አንቺም የፈለግሁትን አድርጊልኝ። የሴፕቴምበሩን ደብዳቤ አቃጥዪው፤ ማንም አይየው። ለኮሚቴው ያስጠናሁሽን ተናገሪ። ከዚያ ሁላችንም እናርፋለን።

ላቢብ



ፋኑሲያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1704 ዓመተ ሰማዕታት

ለላቢብ ቡቅጡር፤

ሰላም ለቤትህ ይሁን። የዛሬው ደብዳቤዬ ከማዶ የተጻፈ መሆኑን ከላይ አይተኸዋል።

ሁለቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል፤ ኋለኛው ኮሚቴው ከመምጣቱ በአራት ቀን ቀደመ። እንዳላታልልህ ነው ይህን የምነግርህ፤ ጊዜ ነበረኝ። ምድጃውም ይነድ ነበር። ቁጭ ብዬ አራት ቀን አሰብኩ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ቃል መጣልኝ፤ ግን እንደ ገበያ ዕቃ ዋጋ ተለጥፎበት ነው የመጣው። ከዚህ ይልቅ ባትነግረኝ ይሻል ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ማወቄ ይሻላል። አንጀቴን ያሳረረው ግን ከመጻፍህ ይልቅ የጻፍክበት ምክንያት ነው።

ኮሚቴው በግቢያችን ተቀመጠ፤ ከሁለቱም መንደር ሰው ሞልቶ። አባ ቢሞን ጨዋ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበቴን አይተው ወንበር አስመጡልኝ።

«እኅቴ ታፊዳ፣ እስቲ ስለዚህ ቤት የምታውቂውን ንገሪን» አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት ሩሽዲ ተነሣ። «አባቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እሷ የፋኑሲያ ልጅ ናት። የቤቱን ቃል ከተናገረች ደግ፤ ሌላ ከተናገረች ግን ለወገኗ አድልታ ነው» አለ። አንተ አስጠንተኸው መሆን አለበት።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «የኔ ቃል ይቅር። ቅዱሱ ሲወለድ እኔም አላየሁም፣ እናንተም አላያችሁም። የቤቱ ባለቤት ግን ላቢብ ነው። እሱ በገዛ እጁ የጻፈውን ላንብብላችሁ።»

ከዚያ በላክህልኝ መነጽር የሴፕቴምበሩን ደብዳቤ አነበብኩ። የማስፈራሪያውን ክፍል ተውኩት፤ ስለ ናርዲን ያለውን ብቻ። «በኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ በኛ ዘንድ ከአዳም ጀምሮ እንዲሁ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ የፋኑሲያ ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። «የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥን ሴት ከእናቷ የሚለይ ክርስቲያን አላየሁም» የሚለውን ሳነብ ግን ሳቁ ቆመ። ግቢው ውስጥ የነበሩ አሮጊቶች ሁሉ እኔን ያውቁኛል። ሴንዩራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

አባ ቢሞን ሩሽዲን ጠርተው «ይህ የላቢብ እጅ ነው?» አሉት።

«እጁ ነው» አለ።

«የሲድራክን እናት በምራትነት የተቀበሉት አባቶቻችሁም እንዲሁ ጨዋዎች ከነበሩ፣ እንግዲህ ልጅቷን ወደ እናቷ ሰደዋታል ማለት ነው» አሉና ለጸሐፊያቸው ነገሩት። በመዝገቡ «በፋኑሲያ ተወለደ፣ በኮም ሩማን አደገ» ተብሎ ተጻፈ። እኔን ያስቀራችሁኝ ሙግት ይኸው ነው። በአንተው ቃል ተረታ።

ሩሽዲ በማግስቱ ቤቱን ተረከበ። እንዳልተቀየምኩት ነግሬዋለሁ፤ ተልኮ ነው። ልብሴን በአንድ ሻንጣ ይዤ ወጣሁ፤ ድልድዩን ለመሻገር በዚህ ጉልበቴ እንኳ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልፈጀብኝም። እዚያ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። አሁን ያለሁት በእናቴ ቤት፣ ከእኅቴ ልጅ ጋር ነው።

ከመሻገሬ በፊት መቃብር ሄጄ ነበር። አባትህና ፋሂም ጎን ለጎን እንደ ተቀበሩ ታስታውሳለህ። ቦታ ስላልነበረ ነው እንጂ ፋሂምን ጠይቀነው ቢሆን እዚያ አይተኛም ነበር። በመካከላቸው ተቀመጥኩና የኦክቶበሩን ደብዳቤህን አነበብኩላቸው። «ሂድ ባሂያን አምጣት፣ ካስፈለገም ዋኝተህ» የሚለውን ለፋሂም ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። ባሌ አባቱ ጨካኝ ነው እያለ ነው የሞተው። አባትህንም እኔ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በሠራውም ባልሠራውም ረግሜዋለሁና። የሠራው በሩ ላይ መቆሙ ብቻ ነው፤ ለዚያም ከፍሎበታል።

ናርዲን ወንድ ልጅ በሰላም እንደ ተገላገለች ከሩሽዲ ሰማሁ። ማርያም እንኳን ማረቻት። እናቷ አጠገቧ መሆኗ ደስ ብሎኛል፤ ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ ያች ልጅ አልበደለችኝም። በጡት ላይ ያለ ልጅ ይዛ ሳለች ክፉ ወሬ እንድትሰማ አልፈልግም። አርባ ቀኗን ትጨርስ፤ ልጁ ክርስትና ይነሣ፤ ትጠንክር።

የኦክቶበሩን ደብዳቤህን ከዚህ ጋር አጥፌ መልሼልሃለሁ፤ የእጅህ ጽሑፍ ነው፣ አልተቃጠለም። ለሁለቱ ሙታን እኔ አነበብኩላቸው። ለናርዲን አንተ አንብብላት።

የባሂያ ልጅ ታፊዳ